የናርዶስ እግርና የእኔ ፀሐይ መሞቂያ

የልጄ እግር ቀጥ ብሏል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩና ሦስት ጊዜ አነበብኳት፤ ደስታው አሁንም አልወጣልኝም። ስሜ ማርቆስ ይባላል። ቡራዩ ውስጥ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ እሠራለሁ፤ በር፣ መስኮት፣ የሱቅ ፊት፣ የሻወር መከለያ። በወረቀት ላይ ቁመትና ወርድ እንጂ ታሪክ ጽፌ አላውቅም። ግን ላለፈው አንድ ዓመት ተኩል ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ፣ ልጅ አለው የለውም ሳልጠይቅ፣ ይህንኑ ነገር ስነግረው ስለከረምኩ ባለቤቴ ምሕረት «ጻፈውና ይውጣልህ፤ ሰውም ከአንተ ይረፍ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደግሞ አንድ ታክሲ የሚይዘው አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ጽሑፍ ከዚያ በላይ ይጭናል።

ናርዶስ የመጀመሪያ ልጃችን ናት። እኔም ምሕረትም የመጣነው ከሆሳዕና አካባቢ ነው። እሷ ሳንጋባ በፊት ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። አሁን የምንኖረው ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናት ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ሰፈሩ ንፋሳም ነው። ጠዋት ጠዋት ከገፈርሳ ግድብ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ አቧራውን አስከትሎ ነው የሚገባው።

ናርዶስ ገና በሦስት ወሯ ኃይለኛ የሳንባ ምች ያዛትና አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛን። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶ ደረቷ ሲወጣ ሲወርድ ያየሁበትን ቀን ለጠላቴም አልመኝም። ስንወጣ ነርሷ ሁለት ነገር አደራ አለችን፤ «ከብርድ ጠብቋት፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፀሐይ አሙቋት።» ምሕረት ሁለቱን እንዴት አድርጋ እንደምታስታርቃቸው ግራ ገባት። በእኛ ግቢ ፀሐይ ያለበት ቦታ ሁሉ ንፋስ አለ፤ ንፋስ በሌለበት ደግሞ ፀሐይ የለም። እኔ ግን መፍትሔው ወዲያው ታየኝ። ይህን ሙያ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነው አልኩ!

በሁለት ቅዳሜ በረንዳችን ላይ የመስታወት ክፍል ሠራሁ። በሦስት በኩል ከላይ እስከ ታች ጥርት ያለ መስታወት፣ ጣሪያውም መስታወት፣ ጠርዙ ሁሉ በሲሊኮን የታሸገ። ወረቀት የሚያንቀሳቅስ ንፋስ እንኳ አይገባበትም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውጭ ያለ ሰው ጃኬቱን ሲቆልፍ ውስጥ ያለው ሹራቡን ያወልቃል። ናርዶስን በዳይፐር ብቻ አድርገን፣ ፍራሽ ላይ አጋድመን፣ በየቀኑ ወደ አንድ ሰዓት እናሞቃታለን። ጉንጯ ይቀላል፣ ትስቃለች፣ እኔም ፎቶ አነሣለሁ። ያን ፎቶ ያላሳየሁት ደንበኛ የለም። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እንደሚባለው፣ ጨቅላ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች አይተው ለእኛም ይሠራልን አሉኝ። እየተኩራራሁ ሠራሁላቸው።

አዴ ጫልቱ ብቻ አልተደነቁም። አንድ ቀን በመስታወቱ ውስጥ ወደ ናርዶስ እያዩ «አንተ ማርቆስ፣ ልጅቷን ላስቲክ ቤት ውስጥ እንደሚያድግ የሆለታ አበባ አደረግካት እኮ! እንዲህ ዘግተህ ልታሳድጋት ነው? ያ ረቢ! አውጣት እንጂ፤ ልጅ መሬት ላይ ነው የሚያድገው» አሉኝ። የእሳቸው የልጅ ልጆች ግማሽ ራቁታቸውን አቧራ ላይ ሲንከባለሉ የሚውሉ ናቸው። «እሺ አዴ» አልኳቸውና በልቤ ሳቅኩ። እርስዎ ኦክስጅኑን አላዩ፣ ምን ያውቃሉ ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

ናርዶስ ዓመት ሞላት፤ አልቆመችም። ጥርሷም ዘገየ። ስትተኛ የራሷ ላብ ትራሱን ያርሰዋል፤ እኛ ግን ሙቀት ስለለመደች ነው አልን። በዓመት ከሰባት ወሯ ሦስት እርምጃ ስትሄድ ግቢውን በእልልታ አናጋነው! ደስታው ወር አልቆየም። በተራመደች ቁጥር እግሯ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ሁለቱ እግሮቿ ልክ እንደ ቅንፍ ሆኑ። ቁርጭምጭሚቷን አጋጥመን ስናቆማት በጉልበቶቿ መካከል አራቱ ጣቶቼ ተደርድረው ያልፋሉ። ግራ ቀኝ እየተወዛወዘች ትንሽ ትሄድና ቁጭ ትላለች። የእጇ አንጓም ወፍሮ ነበር፤ እሱን ደግሞ «ድንቡሽቡሽ» እያልን ስናቆላምጠው ኖረናል።

ይህን ጊዜ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ዳይፐር ነው ያለ አለ፤ ሳትጠና አቁማችኋት ነው ያለም አለ። እህቴ ከሆሳዕና ደውላ «ማዘል ነው፤ ምሕረት ጠዋት ማታ እያዘለቻት ነው እግሯ የተበላሸው» አለችኝ። እኔ ሞኙ ይህንኑ ምሳ ላይ ለምሕረት ደገምኩላት። እጇን ከትሪው አነሣች።

«እናቴ ስምንት ልጅ አዝላ ነው ያሳደገችው። የማናችን እግር ጎበጠ?» አለችኝ። «የእኔን ጀርባ ከምትከስ ሐኪም ቤት ውሰደን።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል «ምሳ ቀርቧል» እና «በሩን ዝጋው» ከሚሉት ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

ቡራዩ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሣ ናርዶስን አየና «የሕፃን እግር እንዲህ ነው፤ ስታድግ ይቃናል» አለን። ለእውነት ለመመስከር ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ትንሽ ጎበጥ ያለ የሕፃን እግር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። የእሷ ግን ትንሽ አልነበረም፤ የእጇን አንጓም ማንም አልነካላትም። ተስፋ አድርገን ጠበቅን፤ ጭራሽ ባሰ። ቀጥሎ የምሕረት የድሮ የሥራ ባልደረባ የጠቆመቻት ሰበታ ያለ ሌላ ክሊኒክ ሄድን። እዚያ የካልሲየም ሽሮፕ ታዘዘላት። አንዱን ጠርሙስ ጨርሰን ሌላ ገዛን። ምንም ለውጥ የለም።

ቀጥሎ የመጣውን ጥፋት የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ሌላ ማንም የለበትም። የተጣመመ ፍሬም ማቃናት ሥራዬ ነው፤ የልጄን እግር ማቃናት እንዴት ያቅተኛል አልኩ! ቀጭን አሉሚኒየም ቆርጬ፣ ስፖንጅ አልብሼ፣ ከታፋዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ፣ በቀበቶ የሚጠብቅ ደጋፊ ሠራሁላት። ሥራው ራሱ ሲያምር! ማታ አስሬላት አደረች። ጠዋት ስንፈታው ቀበቶው ያረፈበት ቆዳ በልዟል፤ ልናቆማት ስንል ጮኸች። ሁለት ቀን ሙሉ እግሯን መሬት አላስነካችም። ምሕረት ያን ነገር አንሥታ ከአጥር ውጭ ወረወረችው። ፍርሃት በትክክል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልጄ ገና መሄድ ሳትጠግብ መሄድ ልታቆም ነው። በነጋታው መስታወት ስቆርጥ ሁለት ሉክ አበላሸሁ።

አንድ ደንበኛዬ ሱሉልታ ያሉ ኦቦ ደበላ የሚባሉ ስመ ጥር ወጌሻ ጠቆመኝ። ምሕረት «ደግሞ ሌላ ማሰሪያ?» ብላ ተቃወመች፤ ለምኜ ወሰድኳቸው። ኦቦ ደበላ እጃቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ናርዶስን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እግሯን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። ከዚያ ማንም ያልነካውን የእጇን አንጓ ያዙ። ቀጥለው ጎኗን ነኩ።

«ወድቃ ነበር?»

«አልወደቀችም አባባ።»

«ይሄንን ማን አሰረባት?» የቀበቶውን ምልክት አይተውት ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ መሬት መሬቱን እያየሁ። «አባባ፣ እርስዎ ያውቁበታልና ይጠግኑልን።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ስማ ልጄ፣ የተሰበረ እጠግናለሁ፤ የወለቀ እመልሳለሁ። ይሄ አልተሰበረም፤ አልወለቀምም። አጥንቱ ራሱ ለስልሷል። ጎኗን ዳብሰው፤ እንደ ጨሌ ይቆጠራል። ለስላሳ አጥንት እኔ ልሰር ብል እሰብረዋለሁ። የልጆች አጥንት ሐኪም ጋ ውሰዳት። ዋቃ ይመስገን፣ ገና ልጅ ናት።»

ያመጣንላቸውንም አልቀበልም ብለው መለሱልን። በማይሆን እስር እግሩ ጠቁሮ የመጣ ልጅ ኋላ ሆስፒታል አይቻለሁና ወጌሻ ሁሉ እንዲህ ነው አልላችሁም። እኚህ ሰው ግን የማያውቁትን ለይተው ያውቁ ነበር፤ ልጄን ያተረፋት ይህ ነው። በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ ምሕረት ከብዙ ጊዜ በኋላ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች።

ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈን አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል የልጆች አጥንት ክፍል ቀጠሮ ያዝን። ቀኑ ሲደርስ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ሄድን፤ ኮሪደሩ ግን ከእኛ በፊት ሞልቷል። እንደዚያ ያለ ወረፋ አይቼ አላውቅም። ክንዱ የተሰበረ፣ ዳሌው የወለቀ፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ሁሉም ልጅ ነው። እኔ በዓለም ላይ እግሯ የጎበጠ ልጅ የእኔ ብቻ ትመስለኝ ነበር! አጠገባችን የተቀመጠችው ከሆለታ የመጣች እናት ሁለት እግሩ እስከ ታፋው በጀሶ የተጠቀለለ ሕፃን ይዛለች። ሲወለድ ቆልማማ እግር ነበረው፤ የእግሩ መርገጫ ወደ ውስጥ የዞረ።

«በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ጀሶውን ይቀይሩለታል፤ ይሄ አራተኛው ነው» አለች ለምሕረት። «መጀመሪያ ቀን እንዳንቺው አልቅሻለሁ። አሁን ጀሶው በተፈታ ቁጥር እግሩ ወዴት እንደደረሰ ለማየት እቸኩላለሁ። አይዞሽ እህቴ።» ከቋጠሮዋ ዳቦ ቆርሳ ለናርዶስ ሰጠቻት። ያቺን ሴት ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ግን የምሕረትን ፊት የመለሰችው እሷ ናት።

ተራችን ደረሰ። ዶክተሯ ጠና ያለች ሴት ናት። ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ «ናርዶስ፣ ወደ እኔ ነይ እስቲ» ማለት ነበር። እስከዚያ ቀን ልጄን ሂጂ ብሎ ያየ ሐኪም አልነበረም። ከዚያ ልክ እንደ ኦቦ ደበላ አንጓዋን ያዘች፤ ጎኗን ነካች። የእጇንና የጉልበቷን ራጅ አስነሥታ ስንመለስ ጥያቄ ጀመረች።

«ምን ትበላለች?»

«ጡት፣ አጥሚት፣ ገንፎ፣ ፍትፍት» አለች ምሕረት።

«እንቁላልና የላም ወተት?»

«አልፎ አልፎ።»

«ፀሐይስ?»

እዚህ ላይ እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። «በፀሐይማ አንታማም ዶክተር! በየቀኑ፣ አንድ ሰዓት!» ስልኬን አወጣሁና የመስታወት ክፍሌን ፎቶ አሳየኋት። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል እንኳ ኩራቴ አልለቀቀኝም ነበር።

ዶክተሯ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። «መስታወቱ ይከፈታል?»

«በፍጹም! በሲሊኮን ነው የታሸገው፤ ንፋስ አይገባም።»

«ጣሪያውም?»

«ጣሪያውም!»

«ከዚህ ክፍል ውጭ ሰውነቷን ፀሐይ ነክቶት ያውቃል?»

ምሕረትን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። «ስንወጣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ብርድ እንዳይመታት።»

ዶክተሯ ስልኩን መለሰችልኝ። «አባት፣ ሥራህ በጣም ቆንጆ ነው። ግን ልጅህ ፀሐይ አግኝታ አታውቅም። መስታወት ብርሃኑን ያስገባል፣ ሙቀቱንም ያስገባል። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ግን ውጭ ያስቀረዋል። ቫይታሚን ዲ ከሌለ ደግሞ የፈለገውን ያህል ካልሲየም ብትጠጣ አጥንቷ ውስጥ አይገባም። አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ስትቆምበት ይጎብጣል። ሪኬትስ ይባላል።» ራጁን ወደ ብርሃኑ አነሣችው። «የአጥንቱ ጫፍ ጥርት ብሎ ማለቅ ነበረበት። ተመልከቱ፣ እንደ አሮጌ ብሩሽ ተበታትኗል።»

መስታወት ስቆርጥ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የቱ እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ ላብ እንደሚያወጣ፣ የቱ ድምፅ እንደሚያስቀር ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችኋለሁ። ከፀሐይ ምን አሳልፎ ምን እንደሚያስቀር ግን ጠይቄ አላውቅም። በገዛ እጄ ልጄን ከፀሐይ ከልዬ ፀሐይ አሞቅኳት ስል ኖሬአለሁ። እንባዬ መጣ። ምሕረት ያን ጊዜ የፈለገችውን ብትለኝ ባለመብት ነበረች፤ እሷ ግን እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ለዶክተሯ እኔ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀችልኝ።

«ትቃናለች? ወይስ በቀዶ ጥገና ነው?»

«በዚህ ዕድሜ በሽታው ከታከመ አጥንቱ እያደገ ራሱን ያቃናል» አለች ዶክተሯ። «ቃል ልገባላችሁ ግን አልችልም። በስድስት ወር ራጅ እናነሣለን። መዳን ከጀመረ እንታገሣለን። ካልጀመረ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን፤ እግሯ እንደጎበጠ ከቀረ ደግሞ ኋላ አጥንቱን ቆርጦ ማቃናት ሊመጣ ይችላል።»

የታዘዘልን ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ እንቁላል፣ ወተት፣ እና ፀሐይ ነው። ጠዋት፣ ውጭ፣ እጅና እግሯ ተገልጦ፣ ቅቤም ሆነ ቅባት ሳትቀባ። «ንፋሱስ?» አልኩ። «ኮፍያ አድርግላት፤ ደረቷን ሸፍን፤ እግሯን ለፀሐይ ተወው!» አለችኝ።

ቤት እንደገባን መሰላል አቆምኩ። ምሕረት ከታች እየተቀበለችኝ የጣሪያውን መስታወት አወረድን፤ ከዚያ የጎኖቹን። አዴ ጫልቱ በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ። ወርጄ «አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እውነት የተናገሩት እርስዎ ነበሩ» አልኳቸው። «እኔ ምን አውቄ ነው ልጄ» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ቀን «አላልኩህም?» ብለውኝ አያውቁም።

የዚያኑ ቀን ማምሻውን መስታወት የሠራሁላቸው ሁለቱ ጎረቤቶች ጋ ሄድኩ። አንደኛዋ ወይዘሮ አበሩ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ፤ መስታወቱን ያሠሩት ለአምስት ወር የልጅ ልጃቸው ነው። «ጤና የለህም እንዴ? ሰው በገንዘቡ ያሠራውን ልታፈርስ መጣህ?» አሉኝ። የናርዶስን እግር ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና «አውርደው» አሉኝ። ሁለተኛው ቤት አባወራው «መስታወቱ አይነካም፤ ልጁን ግን ከነገ ጀምሮ አወጣዋለሁ» አለኝ። እሱም ያው ነው፤ ተስማማን።

ከባዱ ነገር ሌላ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ቀን የናርዶስን እግር የምናውቀው እኛና የቅርብ ሰው ብቻ ነን። አሁን በየቀኑ ግቢው መሀል ራቁቱን ሊታይ ነው። ውኃ ቀጂው ያያል፣ እንግዳው ያያል፣ ያፈጣል። ምሕረት ሰው በገባ ቁጥር ነጠላዋን ጣል ታደርግባት ጀመር። አዴ ጫልቱ አንድ ቀን መጥተው ነጠላውን አነሡት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይዩዋት!» አሉና አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሳይጠይቅ እሳቸው ይቀድሙታል፤ «አከም? ደህና ናችሁ? ይቺ ልጅ አጥንቷ ፀሐይ አጥቶ ነው፤ እየታከመች ነው። የእናንተን ልጆችስ ታወጣላችሁ?» ግቢያችን ጤና ጣቢያ ሆነ!

ላቧ በሳምንታት ውስጥ ቆመ። ጥርስ በላይ በላዩ ወጣ። ሳትታቀፍ ረጅም መሄድም ጀመረች። ጉብጠቱ ግን ያው ነው። እኔ መለኪያ ሜትሬን ይዤ በየማለዳው ጉልበቷ መካከል እለካለሁ። አንድ ወር፣ ያው። ሁለት ወር፣ ያው። በሦስተኛው ወር ምሕረት ሜትሩን ደበቀችብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ላይ ተሰብሬ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለምን በእሷ እግር ይሆናል?» እያልኩ አለቀስኩ። በቀጠሯችን ቀን ይህንኑ ለዶክተሯ ብነግራት ሳቀች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም? አጥንት አሉሚኒየም አይደለም፤ በየቀኑ አትለካው።»

ስድስት ወር ሞላና ራጅ ተነሣች። ዶክተሯ ፊልሙን ሰቅላ ከድሮው ጋር ታስተያይ ጀመር። ከእኔ ቀድማ ያየችው ምሕረት ናት። «ዶክተር፣ ያ የተበታተነው... ጫፉ መስመር ሠራ?»

«ሠራ!» አለች ዶክተሯ። «ይሄ ነጭ መስመር አዲስ አጥንት ነው። እየዳነች ነው።» ቁርጭምጭሚቷን አጋጥማ ጣቷን አስገባች። ሦስት ጣት! ከአራት ሦስት! ለሌላው ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል፤ እኔ ግን በደስታ ዶክተሯን ላቅፍ ተነሥቼ መሀል ላይ አፍሬ አጠገቧ የቆመውን የሕክምና ተማሪ አቀፍኩት። በመመለሻ ታክሲ ውስጥ ለሹፌሩ ሳስረዳ ከመውረጃችን ሁለት ፌርማታ አለፍን። በዓመቱ ሁለት ጣት ሆነ። ከዚያ አንድ።

እናንተ ልጅ ያላችሁ፣ በዚህ ጽሑፍ ምንም ባትይዙ ይህችን ያዙ፤ ልጃችሁን ፀሐይ የምታሞቁት በመስኮት ከሆነ መስኮቱን ክፈቱ፤ ባይሆን አውጡት። አንጓው ከወፈረ፣ ራሱን ካላበው፣ መሄድ ካዘገየ፣ እግሩ ከጎበጠ የልጆች አጥንት የሚያውቅ ሐኪም ያየው። ቶሎ! በትንሽነቱ ሽሮፕና ፀሐይ የሚያቃናው ሲያድግ ቢላዋ ሊፈልግ ይችላል። ደግሞ እንደ እኔ እጃችሁ ሥራ የሚወድ ከሆነ፣ እባካችሁ በልጅ እግር ላይ አትለማመዱ።

ባለፈው ወር ቀጠሯችን ነበር። ናርዶስ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ዶክተሯ አቆመቻት፤ ቁርጭምጭሚቶቿን አጋጠመች፤ ትንሿን ጣቷን በጉልበቶቿ መካከል ልታስገባ ሞከረች። አልገባም። እንደገና ሞከረች። አልገባም! «ከእንግዲህ ለሰላምታ ካልሆነ እኔ ጋ እንዳትመጡ» አለችና ካርዱ ላይ ፈረመች።

ወደ ኮሪደሩ ወጣን። ምሕረት ካርዱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች፤ እኔ ፊቴን እጠርጋለሁ። ናርዶስ እጄን አስለቅቃ ሄደች። አይ፣ ሄደች አይባልም። ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በክራንቹ በተሽከርካሪ ወንበሩ መካከል፣ ጫማዋ ወለሉን ጠፍ ጠፍ እያደረገ፣ ወረፋ የያዙት ወላጆች ሁሉ ዞረው እያዩዋት፣ እየሳቀች ተፈተለከች። ትሪ የያዘች ነርስ ከግድግዳ ተለጥፋ አሳለፈቻትና ጮኸች።

«የማን ልጅ ናት? ያዟት እንጂ! እዚህ መሮጥ ክልክል ነው!»

በሕይወቴ ስለ ልጄ እንዲህ ያለ ስሞታ ሰምቼ አላውቅም። ምሕረት እንባዋ እየወረደ ወደ ነርሷ ጠጋ አለች።

«የእኛ ናት» አለቻት። «እህቴ፣ እባክሽ አንድ ጊዜ ደግመሽ ተቆጪልን።»

ነርሷ እኛን አየች፤ ካርዱን አየች፤ ትሪዋን አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «መሮጥ ክልክል ነው!» አለች። ናርዶስ ግን ከዚያኛው ጫፍ ዞራ ወደ እኛ እየሮጠች ነበር።